መጨረሻውን የሚጠብቅልን

አምቦ መናኸሪያ ውስጥ ሚኒባስ የሚነሣው ሰዓቱ ሲደርስ ሳይሆን ሲሞላ ነው። ወደ ጉደርም ይሂድ ወደ ጊንጪ፣ የመጨረሻው ወንበር ሰው እስኪያገኝ ይቆማል፤ ተሳፋሪውም ይህን አውቆ ይገባል። ከከተማው ወጣ ባለ ትምህርት ቤት ግን ከዛፍ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ በብረት ከተመታ ክፍለ ጊዜው አበቃ፤ መምህሩ ሐሳቡን ባይጨርስም ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘጋሉ። በአንድ አገር፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት ዓይነት ጊዜ ጎን ለጎን ይሠራል ማለት ነው፤ ጉዳዩ ሲሞላ የሚያልቅና ልኩ አስቀድሞ ተወስኖ የሚያልቅ። ላነሣ የፈለግሁት ሁለተኛውን፣ ያውም በትንሹ መልኩ ነው፤ ስልካችን ላይ የምንሞላውን፣ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ የምናስቀምጠውን፣ ልኩ ሲደርስ ጮኾ ዝም የሚለውን ታይመር።

ታይመርን ከሰዓት የሚለየው አለማወቁ ነው። ጠዋት ይሁን ማታ፣ ጥቅምት ይሁን ሚያዝያ አያውቅም። የሚያውቀው ከተሞላበት ቅጽበት እስከ መጨረሻው የቀረውን ብቻ ነው። ይህ አለማወቁ ደግሞ ለእኛ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ይጠቅመናል። ስልካችን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ እኛ የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። ለታመመች እናቱ መድኃኒት «ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት» ተብሎ የተነገረው ልጅ ቸኩሎ ስልኩ ላይ 2፡00 ብሎ አላርም ቢሞላ፣ የሚጮኸው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከአንዱ ክኒን እስከሚቀጥለው አሥራ ሁለት ሰዓት ብሎ ልኩን ቢሞላ ግን ስሕተቱ መግቢያ ያጣል። አሥራ ሁለት ሰዓት በየትኛውም አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

እንዲያውም የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከጥንቱ ለታይመር የቀረበ ነው ብዬ አስባለሁ። «ጠዋት ሦስት ሰዓት» ስንል ፀሐይ ከወጣች ሦስት ሰዓት ሆናት ማለታችን ነው። ቀኑን የሚያስጀምረው ንጋት ነው፤ የቀረው ቆጠራ ነው። ይህ አካሄድ የሠራልን ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ነው። በአምቦ ሰማይ ስር በሰኔ ረጅም ቀንና በታኅሣሥ አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። በክረምት ፀሐይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ብቅ በምትልበት በሰሜን አውሮፓ ሰዓትን ከንጋት እቆጥራለሁ የሚል ሰው ቀኑ ሳይጀምር ይመሽበታል።

አባቶች ከሰዓትም የደቀቀ ልክ ነበራቸው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቀንና ሌሊቱን አንድ ላይ በ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል፤ ኬክሮሱን ደግሞ በ60 ካልዒት። በዛሬው ቋንቋ አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው፤ አንድ ካልዒት 24 ሴኮንድ። ባሕረ ሐሳብን ትውፊቱ ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከድሜጥሮስ ጋር ያያይዘዋል፤ የተዘጋጀውም በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን ለማስላት እንጂ ሽሮ ለመጠበቅ አልነበረም። ቢሆንም ይህችን 24 ደቂቃ ሳስብ አንድ ጣሊያናዊ ትዝ ይለኛል። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ልቡ ከጥናቱ እየሸሸ ቢያስቸግረው፣ የቲማቲም ቅርጽ ያለው የወጥ ቤት ታይመር አንሥቶ ሞላና እስኪጮኽ ድረስ ብቻ ላጥና አለ። ቀስ በቀስ ልኩ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት ሆነ፤ ዘዴውም በቲማቲሙ ስም ዓለምን ዞረ። 25 ደቂቃና አንድ ኬክሮስ የሚለያዩት በአንዲት ደቂቃ ነው። ግጥምጥሞሽ ነው፤ አንዱ ከሌላው የወሰደው ነገር የለም። ሆኖም የአምቦ ተማሪ «አንድ ኬክሮስ ላጥና» ብሎ ቢቀመጥ ከጣሊያናዊው ተማሪ እኩል መንገድ ይሄዳል፤ ልኩን የሚጠራበትም ስም በቤቱ አለው።

ተማሪ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ አጠናለሁ» ብሎ የሚቀመጥ ልጅ የሚያየው ዳር የሌለው ባሕር ነው፤ ስለዚህ ስልኩን ይነካካል፣ ውኃ ሊጠጣ ይነሣል፣ መጽሐፉን ገልጦ ይዘጋል። ስንፍና ብለን የምንጠራው ነገር ብዙውን ጊዜ ዳርቻ ከማጣት የሚመጣ ፍርሃት ይመስለኛል። ሃያ አራት ደቂቃ ዳርቻ አለው። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ከገጠር ወረዳ የመጣ ልጅ በማያውቀው አዳራሽ፣ ስልኩን ሳይዝ፣ ከጥያቄው ጋር ብቻውን ተፋጠጠ። እንዲህ ባለ ቦታ የሚረዳው በየማታው በልክ ተቀምጦ ያዳበረው የጊዜ ስሜት ነው፤ አንድ ጥያቄ ስንት ደቂቃ እንደሚበላበት አካሉ ማወቁ።

አሁን የታይመር ነገር ከሁሉ ጠልቆ ወደሚገኝበት፣ ወደ ጤና ኬላ፣ ልሂድ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲመደቡ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ እነዚህ ባለሙያዎች የሕፃናትን ሳንባ ምች እዚያው ጤና ኬላው ውስጥ እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። ከዚያ በፊት ሲጠረጥሩ የሚያደርጉት ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነበር። በጀልዱ ደጋ ላይ ወይም ከወንጪ ሐይቅ በላይ ባለው ገደል አፋፍ የምትኖር እናት ልጅ አዝላ ያን መንገድ እንዴት እንደምትወርደው የሚያውቅ ሰው፣ የዚያ ፈቃድ ክብደት ይገባዋል።

በጤና ኬላ ራጅ የለም። ያለው የልጁ ትንፋሽ ነው። የሚያስል ሕፃን ዕድሜው ከ2 እስከ 11 ወር ከሆነና በደቂቃ 50 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ከሆነ ደግሞ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ አተነፋፈሱ ፈጣን ተብሎ በሳንባ ምች ይታከማል። ቆጠራው ሙሉ 60 ሴኮንድ ነው። ሕፃን እኩል አይተነፍስም፤ ያፈጥናል፣ ለአፍታ ይቆማል፣ ይቃትታል። በሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ሥራ ያቀለለ ይመስላል፤ ነገር ግን 12 የተቆጠረው 48 ይሆናል፣ 13 የተቆጠረው 52። የስምንት ወር ሕፃን በዚያች በአንዲት ትንፋሽ ልዩነት አሞክሲሲሊን ይዞ ወይም ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ለዚህ ሥራ ተብላ የተሠራች፣ ዩኒሴፍ በየአገሩ ያሰራጫት አንዲት ታይመር አለች። መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ከተጫኗት በኋላ በየሴኮንዱ ጠቅ ጠቅ ትላለች፤ በ30ኛውና በ60ኛው ሴኮንድ ላይ ትጮኻለች። ሌላ ምንም አታደርግም። ባለሙያዋ ሕፃኑ በእናቱ እቅፍ እስኪረጋጋ ትጠብቃለች፤ እያለቀሰ ወይም እየጠባ ከሆነ ቆጠራው ዋጋ የለውም። ልብሱን ከፍ አድርጋ ደረቱንና ሆዱን ታያለች፣ ታይመሯን ትጫናለች፣ ትቆጥራለች። በእጅ ሰዓት ብትሠራ ኖሮ ዓይኗ ሁለት ጌታ ባገለገለ ነበር፤ አንዴ ወደ ደረቱ፣ አንዴ ወደ ሰዓቱ፣ በመካከል አንድ ትንፋሽ ያመልጣታል፣ ወይም አንዱን ሁለቴ ትቆጥረዋለች። ታይመሯ ስላለች ግን ዓይኗ ከሕፃኑ አይነቀልም። መጨረሻውን የሚጠብቀው ጆሮዋ ነው።

ታይመር ምን እንደሆነ የገባኝ በዚህች በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የጥድፊያ ዕቃ ያደርገዋል፤ ሩጥ፣ ቶሎ በል፣ አለቀብህ የሚል። በጤና ኬላዋ ግን የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ያቺ ሴት እንዳትቸኩል ያደርጋታል። ከደጅ ሌሎች እናቶች ወረፋ ይዘው ተቀምጠዋል፤ መዝገቡ አልተሞላም፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት የምትሄድበት አላት። ታይመሯ እስክትጮኽ ድረስ ግን ይህ ሁሉ ውጭ ይቆያል። ዘበኛ በር ላይ ስላለ ውስጥ ያለው ሰው ተረጋግቶ እንደሚተኛ፣ መጨረሻውን የሚጠብቅ ሌላ ስላለ እርሷ ሙሉ በሙሉ ከሕፃኑ ጋር ትሆናለች። ሳስበው፣ ከጊዜ ጋር ባለን ጉዳይ የሚያደክመን ሥራው ብቻ አይደለም፤ ሥራውን እየሠራን መጨረሻውን መጠበቁ ነው። ሁለቱን ሸክም መለየት ከተቻለ የሰው ልብ ከምናስበው በላይ ይሰፋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ሐኪም ሄሮፊሎስ የበሽተኛን የልብ ትርታ ለመቁጠር ትንሽ የውኃ ሰዓት ይዞ ይዞር እንደነበር ተጽፏል። ከዚያ ሐኪም እስከ ምዕራብ ሸዋዋ ባለሙያ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አለ፤ ያደረጉት አንድ ነው። ጊዜውን ለዕቃ ሰጡ፣ ዓይንና ጣታቸውን ለሰው።

ይህን ያህል ስለ ታይመሯ የምናገረው ተተኪ እየመጣባት ስለሆነም ነው። በቅርብ ዓመታት በሕፃኑ ሆድ ላይ ታስሮ ትንፋሹን ራሱ የሚቆጥር መሣሪያ በአገራችንም ተሞክሯል። ቆጠራው ይጠራል፣ የባለሙያ ድካም ይቀንሳል፤ መልካም ነው፣ ደግሞም ይምጣ። ነገር ግን ልዩነቱን ማየት ይገባል። ታይመሯ የወሰደችው መጨረሻውን ብቻ ነው፤ ማየቱን ለሴትዮዋ ተወችላት። አዲሱ መሣሪያ ማየቱንም ይወስዳል። ሕፃኑ ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰምጥ ከሆነ ሕመሙ እንደከፋ ምልክት ነው፤ ይህን ደግሞ ቁጥር አይናገረውም። ልብሱን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። ደረቱ ላይ ስልሳ ሴኮንድ የቆየ ዓይን ያን ምልክት የማየት ዕድል አለው፤ ወደ መሣሪያው መስኮት የዞረ ዓይን ግን ሊያመልጠው ይችላል። መሣሪያው ሲመጣ ሥልጠናው ይህችን የአንድ ደቂቃ እይታ አብሮ እንዳይጥላት እመኛለሁ።

ወጥ ቤት ውስጥ ነገሩ ቀለል ይላል። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፓስታው ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ውኃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላባቸው ዝቅተኛ አገሮች ነው፤ አምቦ ላይ በዚያ ልክ ያወጣ ሰው ጥሬ ይበላል፣ እንቁላልም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ልኩን ከማሸጊያው ሳይሆን ከገዛ ምድጃችን መማር አለብን። እንጀራ የምትጋግር ሴት አክንባሎውን መቼ እንደምታነሣ ከእንፋሎቱና ከዓይኑ ታውቃለች፤ ታይመር ብትሰጧት እጇን ማሰር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ደግሞ መብራት ድንገት ይሄዳል፣ ታይመሩ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ መቁጠሩን ይቀጥላል። ጊዜ አለፈ ማለት በሰለ ማለት አይደለም። የወጥ ቤት ታይመር ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው ባይ ነኝ። ባቄላ ጥዳ ጎረቤት ቡና የተጠራች እናት ስልኳ ይጠራታልና ከሰው ጋር ስትጫወት ልቧ ምድጃው ላይ አይቀርም።

ቡና ካነሣሁ ዘንድ፣ ለቡናው ለራሱ ታይመር አይሞላም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የራሳቸው ልክ ናቸው፤ በረካ የሚደርሰው ጨዋታው ሲደርስ ነው። የለቅሶ ቤትም እንደዚያ ነው። ሐዘንተኛ ዘንድ ተቀምጦ ስልኩን የሚያይ ሰው ባይመጣ ይሻለው ነበር። ሽማግሌዎች ዛፍ ስር ተቀምጠው ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾችን ሲያስታርቁም ነገሩ የሚያልቀው ሲሞላ ነው፤ እንደ መናኸሪያው ሚኒባስ። ሚኒባሱን ስንነቅፍ ይህን ብንለይ መልካም ነው፤ አለመቸኮሉ ለመንገደኛ ጉዳት ሊሆን ይችላል፣ ለዕርቅ ግን የግድ ያስፈልጋል።

የታይመር ሌላው መልካም ሥራ የሚገኘው ብዙ ሰው አንድ ነገር በሚካፈልበት ቦታ ነው። በጥንቷ አቴና ፍርድ ቤት ተከራካሪው የሚናገርበት ጊዜ ከማሰሮ በሚፈስ ውኃ ይለካ ነበር፤ ውኃው ሲያልቅ ንግግሩም ያልቃል። እዚያ ጊዜ በውኃ ይለካል፤ በጉደር አካባቢ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬ ዘንድ ደግሞ ውኃው በጊዜ ይለካል። ቦዩ አንድ ነው፣ ማሳው ብዙ። ለእያንዳንዱ ተረኛ የተቆረጠለት ሰዓት አለው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ቦዩን ይዘጋና ለሚቀጥለው ይለቃል። ድሮ በጥላ የሚለካው ዛሬ በእጅ ስልክ ነው። ልኩ ባይኖር ኖሮ ጎረቤት ጎረቤቱን «በቃህ» ማለት ነበረበት፤ ይህች ቃል ደግሞ በበጋ፣ ውኃ ሲጠብ፣ መጥረቢያ ታስነሣለች። ልኩ ስላለ «በቃህ» የሚለው ሰው አይደለም።

ቤት ውስጥም ይኸው ነው። ስልክ ይዞ የተቀመጠ የሰባት ዓመት ልጅ እናቱ «በቃ አምጣ» ስትለው የሚሰማው ፈቃዷን ነው፤ ፈቃድ ደግሞ በልቅሶ ይለወጣል፣ ልጅም ይህን ያውቃል። አብረው ሃያ ደቂቃ ሞልተው ስልኩ ራሱ ሲጮኽ ግን የሚያለቅስበት ሰው ያጣል። ያኩርፍ እንጂ እናቱን አይከስም። ነገሩ የሚሠራው ግን ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፤ ልኩ ከመጀመሪያው በልጁ ፊት ከተነገረ፣ ሲጮኽም እናትየው «እሺ፣ ትንሽ ጨምር» ካላለች።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውን ልክ ግን ምዕራብ ሸዋ ከስልክም ከሰዓትም በፊት ያውቀዋል። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን የያዘ የዕድሜ እርከን የሚመራው 8 ዓመት ነው፤ ስምንተኛው ዓመት ሲሞላ ሥልጣኑን፣ ባሊውን፣ ለተተኪው ያስረክባል። የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል የነበረው ኦዳ ቢሲል የሚገኘው በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ምድር ነው። ሥርዓቱ በዚህ አካባቢ ለረጅም ዘመን ተዳክሞ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። እኔን የሚገርመኝ ልኩ ከሰውየው መቅደሙ ነው። አባ ገዳው መልካም ቢመራም፣ ሕዝቡ ቢወደውም ስምንት ዓመቱ አልተራዘመም። ስለዚህ ዘመኑ ሲሞላ ማንም ተነሥቶ ፊት ለፊት «ውረድ» ማለት አላስፈለገውም፤ እርሱም ወጥቶ በመሄዱ አልተዋረደም። በስምንቱ ዓመት ውስጥ ደግሞ «እስከ መቼ እቆያለሁ» እያለ ዙፋኑን የሚጠብቅበት ምክንያት አልነበረውም። ሥራውን ይሠራ ነበር። ጤና ኬላ ውስጥ ለስልሳ ሴኮንድ የሚሆነው እዚህ ለስምንት ዓመት ሆነ።

ልኩን ማን ይቆርጠዋል የሚለው ጥያቄ ግን ይቀራል፤ ታይመር ራሱን አይሞላምና። አለቃ ብቻውን ሞልቶ ሠራተኛው ጆሮ ላይ የሚያስቀምጠው ታይመር አለ፤ ያ አለንጋ ነው፣ እኔ የማወራው ስለ እርሱ አይደለም። የመስኖ ገበሬዎቹ የሚያደርጉትን እመርጣለሁ። የካቲትና መጋቢት ላይ ወንዙ ሲጠብ የጥቅምቱ ተራ አይሠራም፤ የቦዩ ጫፍ ላይ ያለው ማሳ ውኃ ሳይደርሰው ሰዓቱ ያልቅበታል። ያኔ ተጠቃሚዎቹ ይሰበሰባሉ፣ ከራስጌ ያለው ከግርጌ ያለውን ያዳምጣል፣ ሰዓቱም እንደ ገና ይቆረጣል። ያ ስብሰባ እስከ ምሽት ሊሄድ ይችላል፤ ማንም ስልኩን አውጥቶ ደቂቃ አይሞላበትም።